ከአምፖሉ በፊት ምጣዱ፦ በደሴ ዙሪያ ስለሚሰጥ የቤት ውስጥ ኃይል ቁጠባ ምክር

በደሴ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አባላት ያሉት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን፣ ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን የቤት ውስጥ ኃይል አጠቃቀም ምክር መስጠት ከጀመረ ወዲህ አገልግሎቱን በከተማም በገጠርም ስከታተለው ቆይቻለሁ። ያየሁት በአብዛኛው የሚያስመሰግን ነው። በተለይ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ የሚሰጠው ምክር ከእንጀራ ምጣድ የሚጀምርና ቆጣሪ እያነበበ የሚናገር በመሆኑ፣ አንድ ቤተሰብ ለኤሌክትሪክ የሚያወጣውን ገንዘብ በእርግጥ ሊቀንስለት ይችላል። በአዳራሽ የሚሰጠው ሥልጠናና የሚታደለው በራሪ ወረቀት ግን የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ አይጠቅምም።

ምክሩ ከምጣድ መጀመሩ ትክክል ነው። በየቤታችን የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት እንግዲህ በወር ለእንጀራ ብቻ 56 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ሆኖ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ላለው ወርኃዊ ፍጆታ ስለሆነ፣ ምጣዱ ብቻውን ቤቱን ከመጀመሪያው እርከን ያስወጣዋል ማለት ነው። በአንጻሩ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ በምትኩ የሚገባው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከ1.5 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይበቃዋል። አምፖል መቀየር ጥሩ ነው፤ ሆኖም ብዙ ቤት ይህን ቀድሞውኑ ስላደረገው፣ «መብራት አጥፉ» ከሚለው የተለመደ ማሳሰቢያ አልፎ የሚሄድ ምክር ያስፈልገን ነበር።

በደሴ ሆጤ ሰፈር በሚገኝ አንድ የጎረቤት ቤት የተደረገውን ጉብኝት አብሬ ተከታትያለሁ። አማካሪዋ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት ቆጣሪውን አንብባ ጻፈች፤ ከዚያም የመጀመሪያው እንጀራ እስኪወጣ ድረስ ዝም ብላ ተመለከተች። በአክንባሎው ጠርዝ በአንድ ወገን እንፋሎት ሲወጣ ስታይ፣ «እናቴ፣ በዚህ በኩል የሚወጣው እርስዎ የከፈሉበት ሙቀት ነው፤ ምጣዱስ ደህና ነው፣ ክዳኑ ነው የተጣመመው» አለቻቸው። ቀጥላ ሶኬቱ አጠገብ እጇን አስጠግታ መሞቁን አሳየቻቸው። ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ስለሚስብ፣ የላላ ሶኬትና የቀጠነ ሽቦ ኃይል ከማባከን አልፎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ከቁጠባው ምክር ሁሉ በፊት ይህ እንዲስተካከል አጥብቃ ማሳሰቧ ሥራዋን እንደምታውቅ ያሳያል።

የቀረው ምክር ወጪ የማይጠይቅ ነበር። ሊጡ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ተዘጋጅተው ሳይቀርቡ ምጣዱ እንዳይሰካ፤ ሸክላው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንዲወጡ፤ ከሸክላው ሥር ሙቀት ወደ ታች እንዳይወርድ የሚደረገው ሙሌት ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ ምጣድ ሠሪ ዘንድ ወስዶ ማስሞላት። አንድ ጊዜ በጋለ ምጣድ ሁለት ጎረቤታሞች ተከታትለው ቢጋግሩ፣ ሁለተኛዋ ምጣዱን ከቀዝቃዛ ለማጋል የሚጠፋውን ኃይል ሙሉ በሙሉ ታተርፋለች። ቡናና ጨው ሲዋዋስ ለኖረ ሰፈር ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ቀን መነጋገር ብቻ ነው።

ከሁሉ የተደነቅሁበት ግን ስለ መጋገሪያ ሰዓት የሰጠችው ማብራሪያ ነው። ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀም ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል፤ የምጣድ ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ በላይ በፍጥነት ይቀንሳል። 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ፣ የ3,500 ዋቱ ምጣድ ወደ 2,350 ዋት ገደማ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ሰዓት እንጀራው ዓይን ማውጣት ያቅተዋል፣ ጋጋሪዋም ሊጡን ወይም እርሾውን ትጠረጥራለች። ሥራው ሲራዘም ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ስለሚጨምር፣ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ኃይል ከፍ ይላል። ጠዋት መጋገር የሚመከረው በዚህ ምክንያት መሆኑ ሲነገራቸው የቤቱ እናት ወዲያው ተቀበሉት።

ወደ በራሪ ወረቀቱ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ለደሴም ለኮምቦልቻም አንድ ዓይነት ወረቀት ይታደላል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው አየሩ ሌላ ነው፤ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። በኮምቦልቻ ሙቀት ማቀዝቀዣ ብዙ ስለሚሠራ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና የበሩን ጎማ መፈተሽ ትርጉም ያለው ምክር ነው። በደሴ ብርድ ግን ከማቀዝቀዣው ይልቅ የድስቱ ጉዳይ ይቀድማል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና አተር በቆላ ከሚወስዱት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጥራጥሬን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ የሚችል ደግሞ የግፊት ድስት መጠቀም ለደሴ ወጥ ቤት ዋና ዋናዎቹ ምክሮች ሆነው ሳሉ በወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ አልተጻፉም። ማኅበሩ ለየከተማው የተለየ ወረቀት ቢያዘጋጅ ወጪው ከማተሚያ ቤት ሂሳብ ብዙም አይበልጥም።

ለማኅበረሰቡ የሚሠራው ሥራ የምደግፈው ክፍል ነው። አባላት ወርኃዊ ክፍያቸውን ሲፈጽሙ ሂሳቡ ወደሚቀጥለው አሥር ብር እንዲጠጋጋ ፈቃዳቸውን ይጠየቃሉ፤ ተራፊው ገንዘብ ተጠራቅሞ የአቅመ ደካሞችን ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ለማደስ ይውላል። በአሜሪካ ገጠሮች፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. በኋላ በመንግሥት ብድር የተስፋፉት የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሮላይና የጀመረው አሠራር የአባላትን ሂሳብ ወደ ሙሉ ዶላር እያጠጋጋ ልዩነቱን ለችግረኞች ያውላል። የእኛው ማኅበር ቤት ለቤት መምከሩም ሆነ ይህ መዋጮ፣ ትምህርትንና ለማኅበረሰብ መቆርቆርን ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች መካከል ለሚቆጥር ድርጅት የሚገባ ነው።

መስመር ላልደረሳቸው አባላት የሚሰጠው የሶላርና የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብድርም ወቅታዊ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ራሱ 35 በመቶ የሚሆነው ተጠቃሚ ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ አማራጮች እንዲያገኝ ያቀደ ነበር። «ምርጥ» የሚባለው ይህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ስለሆነ በአካባቢው ባለሙያ ይመረታል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸርም ማገዶን እስከ ግማሽ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። ጭሱን ለሚተነፍሱ እናቶችና ሕፃናት ደግሞ ጥቅሙ ከማገዶም በላይ ነው።

ቅሬታዬ በሶላሩ ላይ ይበረታል። ዕቃውን በማኅበሩ በኩል የሚያቀርበው ነጋዴ ከሸጠ በኋላ አይገኝም። ባትሪ የደከመበት አባል መለዋወጫ ፍለጋ ከተማ ይመላለሳል፤ ብድሩን ግን መክፈል አያቆምም። ይህ አግባብ አይደለም፣ ማኅበሩም ዋስትና ያልሰጠ አቅራቢ በእሱ በኩል እንዲሸጥ መፍቀድ የለበትም። ባትሪ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠቀም ዕድሜውን እንደሚያሳጥር፣ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ የባሕር ዛፍ ጥላ በማያገኘው ቦታ መተከል እንዳለበት፣ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ደግሞ ፍጆታን መቀነስ እንደሚገባ ርክክብ ሲደረግ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ከብልሽቱ ብዙው ይቀር ነበር። ለከተማው ቤት አማካሪ የሚመደብ ከሆነ ለገጠሩ ቤት የማይመደብበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው የሥልጠናው ቀን ነው። ሰኞ የደሴ ገበያ ቀን መሆኑ እየታወቀ ስብሰባው ሰኞ ጠዋት ይጠራል፤ በዚህ የተነሣ አዳራሹን የሚሞሉት ምጣድ ሰክተው የማያውቁ ወንዶች ናቸው። የሚጋግሩት ሴቶች ባልተገኙበት ስለ ምጣድ ማስተማር የባለሙያዎቹን ድካም ከንቱ ያስቀራል። ቀኑ እንዲቀየር አባላት በጽሑፍ ጠይቀናል፤ እስካሁን ምላሽ አልተሰጠም።

የቤት ለቤት ምክሩን መጠየቅ የሚፈልግ አባል ሲመዘገብ የሚጋግርበትን ቀንና ሰዓት ቢያስመዘግብ ይሻላል፤ ምጣዱ ባልተጣደበት ቀን የመጣ አማካሪ የሚያየው ሶኬትና አምፖል ብቻ ነው። ያለፉትን ወራት ደረሰኞች፣ ካርድ ቆጣሪ ያለውም የሞላባቸውን ቀናት ማስታወሻ አዘጋጅቶ ይጠብቅ። ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ወር በተመሳሳይ ቀን ቆጣሪውን ራሱ አንብቦ ለማኅበሩ ቢሮ ማሳወቅም ይችላል፤ ልዩነት ካልታየ አማካሪዋ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሳ ትመጣለች።