«ሞቷል» ያሉኝን ዲስክ መደርደሪያቸው ላይ ለሽያጭ ተቀምጦ አገኘሁት

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ከሻከረ ታገሡኝ። ኮምፒውተር ሊያሠራ ሄዶ «ሃርድ ዲስኩ አብቅቶለታል፣ ይቀየር» የተባለ ሁሉ ይህን ያንብብ።

የቤት ዴስክቶፔ ነው። ትልቅ ፋይል ስገለብጥ፣ አንቲቫይረሱ ሲፈትሽ፣ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ድርቅ ይላል። ማውዙ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ምንም ብትጫኑ አይከፈትም። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100% ይላል፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ግን ዜሮ አካባቢ ነው። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። የደረሰበት ያውቀዋል።

ከመውሰዴ በፊት ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ የሚያሳየውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር። ሰማያዊ ነው፣ በእንግሊዝኛ «ጉድ» (Good)፣ ማለትም ደህና ነው ይላል። የተበላሹ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ሦስቱም ዜሮ ናቸው። ከላይ ደግሞ የዲስኩ ሲሪያል ቁጥር ተጽፏል። ይቺን ፎቶ ያዙልኝ።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። የመስታወት መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ባዶ ኬዝ፣ ስልኩ ላይ የተተከለ ልጅ፣ ቀና ሳይል «ምን ሆነ?» የሚል ቴክኒሻን። ተናግሬ ሳልጨርስ «ፎርማት ይፈልጋል» አለ። አድርጌዋለሁ አልኩት። «እንግዲያው ዲስኩ ነው። ሞቷል።» ኬዙን ገና አልከፈተውም! ፎቶውን ሳሳየው በጨረፍታ እንኳን አላየውም። «እህቴ፣ ቴክኒሻኗ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ?» ልጁ ሳቀ። ቴክኒሻኑ ልጁን አይቶ እሱም ሳቀ። እኔ መሀል ቆሜ።

ከዚያ በኋላ ያለው የለመዳችሁት ነው። «ኦሪጅናል፣ አዲስ፣ ከነዋራንቲው» የተባለ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ዲስክ ገባልኝ። ዳታዬን «በስንት መከራ አወጣንልሽ» ተብሎም ለብቻው አስከፈሉኝ። ከሞተ ዲስክ አንድ ፋይል ሳይጎድል! የድሮውን ስጠይቅ «ምን ይሠራልሻል? ቆሻሻ ነው፣ እኛ እንጥልልሻለን» አሉ።

ቤት ወስጄ ሰካሁት። ትልቅ ፋይል መገልበጥ ጀመርኩ። ድርቅ።

ተመልሼ ሄድኩ። «ይሄማ ማዘርቦርድ ነው» አለኝ፣ አሁንም ሳይከፍት። የማዘርቦርድ ዋጋ ሊጠይቅልኝ ስልክ ሲደውል እኔ ቆሜ መደርደሪያውን አያለሁ። ከፍላሾቹ ሥር፣ ብርማ ከረጢት ውስጥ አንድ ዲስክ ተቀምጧል። ብጣሽ ወረቀት ተለጥፎበት «ያገለገለ፣ የተፈተሸ፣ 1 ቴራ» ይላል። ጎኑ ላይ አረንጓዴ የማርከር መስመር አለ። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ቤት ሌላ ዲስክ ስላለኝ እንዳይምታታብኝ ብዬ። ከረጢቱ ስለሚያሳይ ስልኬን አውጥቼ ሲሪያሉን ከፎቶው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። የኔው ነው።

«ይሄ የኔ ዲስክ አይደለም?» አልኩት። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ዞሮ ዲስኩን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ይደነግጣል ብዬ ነበር። «እሱን እኛ ጠግነነው ነው» አለ። ጠግነነው! ፎቶውን ዓይኑ ሥር ብደግንለት «ሲሪያል ቁጥር ይመሳሰላል» አለኝ። የሲሪያል ቁጥር ጥቅሙ አለመመሳሰሉ መሆኑን ቴክኒሻን ነኝ ለሚል ሰው ማስረዳት ነበረብኝ። ስልኩን ዘጋና፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውልልኝ ሁሉ፣ «በጣም ከወደድሽው በቅናሽ እንሰጥሻለን» አለኝ።

የገዛ ዲስኬን። በቅናሽ።

ውስጡ የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ የመታወቂያዬ ኮፒ አለ፣ የሥራ ሰነድ አለ። ፈጣን ፎርማት ቢያደርጉት እንኳን ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ፋይሉ ሌላ እስኪጻፍበት እዚያው ነው፣ በነፃ ፕሮግራም ይመለሳል። ያን ለማንም ሊሸጡት ነበር። ድምፄን ሳሰማ ሌሎች ደንበኞች ዞሩ፤ ያኔ ነው ያ የሚስቀው ልጅ ዲስኩን አውጥቶ ወደ እኔ የገፋው። «ይዘሽ ሂጂ፣ ሰው አትረብሺ።» ገንዘቤስ? «ዋራንቲው ዲስኩ ሲሞት ነው። ሞቷል እንዴ?»

ነገሩን ያወቅነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያችኑ ፎቶ ሲያያት ነው። ሲ7 የሚባለው መስመር ብዙ ስህተት ቆጥሯል። ይሄ ቁጥር ዲስኩ ላይ ሳይሆን በዲስኩና በማዘርቦርዱ መሀል፣ መንገድ ላይ የተበላሸ ዳታን ነው የሚቆጥረው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ሁለቱን የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ በሲ7 ምክንያት ቀለሙን ወደ ቢጫ አይቀይርም፤ ለዚህ ነው ሰማያዊ የነበረው። ዊንዶውስ ስህተቶችን የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውወር ውስጥም 129 የሚል ማስጠንቀቂያ ተደርድሯል፤ ዊንዶውስ ከዲስኩ መልስ አጥቶ መስመሩን ሪሴት ባደረገ ቁጥር የሚመዘግበው ነው። ሪሴት እስኪሆን ዲስክ የሚፈልግ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማውዙ ዲስክ ስለማይፈልግ ይሄዳል። ኬብሉን ቀየርነው፣ አለቀ። የድሮው ዲስኬ ይኸው እየሠራ ነው። ሲ7 የቆጠረውን መልሶ አይቀንስም፣ ግን መጨመሩን አቁሟል።

«አዲሱ»ስ? ዲስኩ በርቶ የቆየበትን ሰዓት የሚቆጥረው ፓወር ኦን አወርስ ላይ ከ31,000 ሰዓት በላይ ይላል። አንዴም ሳይጠፋ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ የሠራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ያገለገሉ፣ ሲጌት የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ዲስኮች እንደ አዲስ መሸጣቸው ሲጋለጥ፣ አጭበርባሪዎቹ ስማርት የሚባለውን፣ ይህ ፕሮግራም የሚያነበውን የዲስኩን ቆጣሪ ወደ ዜሮ መልሰውት ስለነበር የተያዙት ዲስኩ ውስጥ ባለ ፋርም በሚባል ሌላ መዝገብ ነው። የኔዎቹ ቆጣሪውን ለመመለስ እንኳን አልደከሙም። ማን ያያል ብለው?

እንግዲህ ዲስክ ከማስቀየራችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩና የሚሰካበትንም ቦታ ለውጡ። ሲሪያሉን ፎቶ አንሡ። የድሮውን ዲስክ ቆሻሻም ቢሉት ይዛችሁ ውጡ። በቅርቡ «አዲስ» ዲስክ የገዛችሁ ደግሞ ክሪስታልዲስክኢንፎን ከፍታችሁ ሰዓቱን ዛሬውኑ እዩት፤ ሺዎች ካያችሁ ደረሰኙን ሳትጥሉ ሂዱባቸው።