ፔግ 400፦ ለእንጨቱ ጥሩ፣ ለብረቱ ጣጣ

ላብራቶሪያችን ለዘመናት ውሃ ውስጥ የኖረ ቢላ መጣ። እጀታው እንጨት፣ ስለቱ ብረት። እንዲህ ያለ እንጨት ዝም ብሎ ከደረቀ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ፔግ 400 (ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል፣ ውሃ የጠጣ እንጨት እንዳይኮማተር የሚነከርበት ኬሚካል) ገዛን።

ለእንጨቱ አንደኛ ነው። ፈሳሽ ስለሆነ ቀስ እያለ ይሰርግና የውሃውን ቦታ ይይዛል። የስዊድኗ ቫሳ መርከብም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ17 ዓመት ፔግ ተረጭታለች።

ብረቱ ላይ ግን ጉድ አየን። በሁለተኛው ሳምንት ገንዳውን ስንከፍት ፈሳሹ የቆየ ሻይ መስሏል፣ ስለቱ ጠርዝ ላይ ብርቱካንማ ዝገት ተጋግሯል። ፔግ ብረት ይበላል! ሻጩ ግን ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። ቶሎ ዝገት መከላከያ ጨመርንበት እንጂ ስለቱ አልቆለት ነበር። ብረቱን ብቻ እናክም ብትሉ ደግሞ፣ ብረቱ ውስጥ የገባውን ጨው የሚያወጣው የኮስቲክ ሶዳ ውሃ እንጨቱን ያበላሸዋል፤ መላቀቅ የሚችል ከሆነ ለየብቻ ማከሙ ይሻላል፣ የኛው ግን እንዲህ ተጣብቆ ማን ይለየዋል።

ሌላው፣ ፔግ 400 እርጥበት ይስባል። እጀታው እስካሁን ሲነኩት ያጣብቃል። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ እንጨት ብቻ ላለው 5 ነው።