እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፦ ለአዳማዋ ብርሌ አጣቢ

የአዳማ ሰዎች፣ አንገቱ የጠበበ የአበባ ማስቀመጫችሁ ውስጡ ነጭ ሆኖባችሁ ወይም አረንጓዴ ዝልግልግ ይዞ እጅ አላስገባ ካላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። የሰርግ አዳራሽ አበባ የምናሰናዳ ሰዎች ነን። ምስጋናችን ፖስታ ቤት አካባቢ ጠጅ ቤት ውስጥ ብርሌ ለምታጥበው እህታችን ነው። «ስሜን አትጻፉ» ስላለች አንጽፍም። ቀኑን ሙሉ ብርሌ ሲያጥብ የሚውል እጅ የአበባ ጠርሙስ አይቸግረውም፤ ቅርጹ ያው ነው፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ እጅ የማያስገባ።

ሙያዋ ያለው ከማጠቡ በፊት ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች፤ ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ አቼቶ ነክራ፣ ነጩን ቦታ ታስነካና አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች። ከለቀቀ የውሃ ጨው ነው። የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ከአበባው ግንድ የወጣ ዝቃጭና እዚያው የተራባ ባክቴሪያ ነው። አቼቶም በረኪናም የማይነካው ጭጋግ ከሆነ ግን ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል። «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ ገንዘባችሁን ያዙ» ብላ ትመልሰዋለች። ያልጸዳውን አታስከፍልም።

እንዴት እንደምትሠራ ስንጠይቃት አልደበቀችንም፤ ቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ እነሆ።

ነጩ መስመር አዳማ ላይ የሚጸናው ከተማዋ ሞቃት ስለሆነች ነው። ውሃው ቶሎ ይተናል፣ በውስጡ ያለው ካልሲየም ግን አይተንም፤ ውሃው በቆመበት ልክ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። ከባቱ የመጣ ጽጌረዳ ሳምንት የሰነበተበት ጠርሙስ ትከሻው ላይ ቀለበት ያስራል። በደረቅ ሳሙና ብትፈትጉት ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ሌላ ነጭ ይጨምርባችኋል። የሚፈታው አሲድ ነው። አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ አሳድሩት፤ ከቸኮላችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። በሎሚም ይሆናል፣ ግን አጥልሉት፤ ሥጋው ጠርሙሱ ታች ተጣብቆ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቼቶውን ታች ጨምሮ፣ ቀለበቱን ግን ላይ በአየር ትቶ ማሳደሩ ነው። መስመሩ መዘፈቅ አለበት። ጠርሙሱ ትልቅ ሆኖ አቼቶው ካልበቃስ? እዚህ ላይ ነው ያደነቅናት፦ የልጆች ብይ ትጨምርበታለች። ጠርሙሱን ጋደም አድርጋ ብዩን አንድ በአንድ በአንገቱ ታንሸራትታለች፤ ቀጥ አድርጎ መጣል ቂጡን ይሰነጥቃል። ብዩ ሲበዛ አቼቶው ሽቅብ ይወጣና ቀለበቱን ይሸፍናል። በግማሹ አቼቶ ሥራው ያልቃል።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ጨምራችሁ አረፋውን አይታችሁ አትደሰቱ። ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ አረፋው ሲያልቅ የሚቀራችሁ ቀለበቱን የማይነካ ደካማ ውሃ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም እንዲሁ። ተፈጭቶ በውሃ ሲንቀጠቀጥ ጥሩ መፈተጊያ ነው፣ አቼቶ ውስጥ ከገባ ግን ቅርፊቱም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱን እሱ ይጨርሰዋል።

ለዝልግልጉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝ፣ የጠርሙሱን ሲሶ የሚሞላ ውሃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አንድ ጠብታ ብቻ፤ አረፋ ከበዛ ሩዙ ይንሸራተታል እንጂ አይፈትግም። አንገቱን በአንድ እጅ፣ ቂጡን በሌላው ይዛ፣ ብርሌ የያዘ ሰው ጠጁን እንደሚያሽከረክረው ክብ ታዞረዋለች፤ ወደ ላይና ወደ ታች አትንጠውም። ሩዙ ግድግዳውን እየላሰ ሲዞር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው፤ ዝልግልጉ ሲለቅ ድምፁ ይቀጥናል። ለካ በጆሮም ይታጠባል! ትከሻው ሥር ለተደበቀው የመብራት ሽቦ ከነላስቲኩ ጫፉን አጥፋ፣ የጥጥ ጨርቅ አስራ ታስገባለች። ላስቲኩ የተላጠ ሽቦ ብርጭቆውን ይቧጭራል።

አሸዋ ፈጽሞ አታስገቡ። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ ብርጭቆ 5.5 ገደማ፤ ስለዚህ ይጭረዋል፣ ጭረቱም ቀጣዩን ቆሻሻ ይይዛል። ሻካራ ጨው 2.5 ስለሆነ አይጎዳም።

ከሩዙ በኋላ የቀረ ሽታ ወይም አረንጓዴ ካለ፣ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ለሠላሳ ደቂቃ። ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያደክመዋል። ልብ በሉ፣ በረኪና ከአቼቶም ከሎሚም ጋር አይገናኝም፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱን ጨርሳችሁ፣ ሦስት አራቴ አለቅልቃችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። መስኮት ክፈቱ።

የፈላ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ አይፈስስም። ውስጡ በሙቀቱ ሲለጠጥ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይነቃል፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የተባለው ያኔ ነው።

ሲደርቅ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትድፉት፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ጭጋግ ይሠራል። አፉ አየር እንዲያገኝ አጋድሙት፣ ወይም ረጅም የጥጥ ጨርቅ አንዱን ጫፍ ታች አድርሳችሁ ሌላውን በአፉ አንጠልጥሉ፤ ጨርቁ ውሃውን ይስበዋል። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የባትሪ ውሃ፣ ማለትም ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ፣ ነጠብጣብ አይተውም። ስትገዙ «አሲድ አይደለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ወደ እሷ ለምትሄዱ፦ ዋጋዋ በፍሬ ነው፣ ነጭ ቀለበት ያለው ከዝልግልጉ ይወደዳል። ቅዳሜና እሑድ ጠጅ ቤቱ ስለሚሞላ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ውሰዱላት። የፋሲካ ማግስት ሰርግ ሲበዛ ቀድማችሁ ንገሯት። ጠርሙሱን አድርቃችሁ አትውሰዱ፤ ዝልግልጉ ከደረቀ ይጋገራል። ሁለት ጣት ውሃ እንዳለበት፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ባጃጅ ላይ ጉልበታችሁ መሃል ያዙት።