ፓርኪንሰን ያለባቸው ወላጆች ላሏችሁ፦ በሙዚቃ ምት የሚያራምድ ፊዚዮቴራፒስት እንጠቁማችሁ

ቤት ለቤት እየሄደ የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ሕመምተኞችን የሚያሠራውን ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። በዚሁ ሙያ ውስጥ ስላለን ሥራውን አይተን ነው የምንጠቁመው፤ «ሙዚቃ ለጤና ጥሩ ነው» ብሎ ዘፈን ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

መጀመሪያ ይቆጥራል። ሕመምተኛው በለመዱት አካሄድ በ30 ሰከንድ 42 እርምጃ ከሄዱ በደቂቃ 84 ነው፤ የስልኩን ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚመታ መተግበሪያ) 84 ላይ ያደርገዋል። እግርና ምት ከገጠሙ በኋላ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ወደ 88 ወይም 92። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ አባባ እንዲፈጥኑ ተብሎ ከጅምሩ ፈጣን ዘፈን ይከፈታል። ያኔ እርምጃው ያጥራል፣ ሰውነት ይቀድማል፣ እግር ወደኋላ ይቀራል፣ ይወድቃሉ።

በሕመሙ የሚጎዳው ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለው የአንጎል ክፍል የለመድነውን እንቅስቃሴ ጊዜውን ጠብቆ እንዲሄድ ያደርጋል። እሱ ሲደክም በጆሮ የሚገባው ምት ያግዘዋል። ተመራማሪው ታውትና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለ3 ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ በምት የተለማመዱት ሕመምተኞች የአካሄድ ፍጥነታቸው 25 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

የዘፈን ምርጫው ደግሞ ለብቻው ያስመሰግነዋል። ትዝታ የቱንም ያህል ቢወደድ ለእርምጃ አይሆንም፤ ዘፋኙ ምቱን እየጎተተ ይሄዳል። ችክችካ 6/8 (በሁለት ዋና ምቶች የተከፈሉ ስድስት ትናንሽ ምቶች) ስለሆነ ሁለቱን ዋና ምቶች ትቶ በየትናንሹ ልርገጥ ያለ ይደናቀፋል። ስለዚህ ከበሮው ጎላ ያለ 4/4 (አራት አራት እየተባለ የሚቆጠር) ዘፈን ይመርጣል። ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ፣ ቆመው ክብደታቸውን ከግራ ቀኝ ያዛውራሉ፣ መራመድ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በር ላይ ደርሰው እግራቸው አልነሳ ሲል አይጎትታቸውም (እባካችሁ እናንተም አትጎትቱ)። ያቆማቸዋል፣ በምቱ ግራ ቀኝ ያወዛውዛቸዋል፣ «አንድ፣ ሁለት፣ እማማ፣ አሁን በቀኝ!» ይላል። መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ እንዳያመልጣቸው ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አይፈቅድም። ልምምዱ ሲቋረጥ ለውጡ እየጠፋ ስለሚሄድ ቤተሰቡንም ያሠለጥናል።

ቀጠሮ ለማግኘት ወረፋ መጠበቅ አለ፣ ያ እውነት ነው። ስልኩን በውስጥ መስመር እንልካለን፤ ከመደወላችሁ በፊት ሌቮዶፓ (የፓርኪንሰን መድኃኒት) የሚወሰድበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፣ ልምምዱን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ስለሚያደርገው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።