ተጓዥ አሻንጉሊት ለክፍላችሁ ይሆናል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለያየ አገር ያሉ ሁለት ክፍሎች አሻንጉሊት ይለዋወጣሉ። የእናንተ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ የእነሱ ወደ እናንተ ይመጣል። እንግዳው አሻንጉሊት ያየውን የሰማውን እየጻፈ ወደ ቤቱ ይልካል፤ የሚጽፉለት ደግሞ የተቀበሉት ልጆች ናቸው። በክፍሌ ሞክሬዋለሁ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ዘው ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ልታስቡበት የሚገባውን ልንገራችሁ።

ከሚታወቁት አንዱ የአይኧርን የቴዲ ቤር (የአሻንጉሊት ድብ) ፕሮጀክት ነው። አይኧርን እ.ኤ.አ. በ1988 የኒውዮርክና የሞስኮ ትምህርት ቤቶችን በማገናኘት የተጀመረ ትስስር ነው። የድቡ አሠራር ቀላል ነው። አስተማሪው ይመዘገባል፣ አጋር ክፍል ያገኛል፣ ሁለቱም ድብ ወይም ሌላ ለስላሳ አሻንጉሊት በፖስታ ይላላካሉ፣ ከዚያ ልጆቹ በድቡ አንደበት ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይጽፋሉ። ሌላው ካናዳዊው አስተማሪ ዴል ሁበርት እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው የጠፍጣፋው ስታንሊ ፕሮጀክት ነው። ስታንሊ በአንድ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወድቆበት እንደ ወረቀት የሳሳ፣ በፖስታም የተላከ ልጅ ነው። ስለዚህ ልጆች ከወረቀት ቆርጠው፣ ቀለም ቀብተው በተራ ፖስታ ይልኩታል። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጣጣ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከእሱ መጀመር ጥሩ ነው። የሚታቀፍ ነገር ግን ሌላ ነው። ትንንሽ ልጆች ከወረቀት ጋር እንደዚያ አይወዳጁም።

አስተማሪም ልጆችም መጀመሪያ የሚያሳስባቸው የሚልኩት ነው። ምን እንምረጥ፣ ምን እናልብሰው፣ ማን እንበለው። እኔ ግን ትልቁን ትምህርት ያየሁት በመጣልን እንግዳ ነው። የላካችሁት ሄዷል፤ ከእሱ የሚቀራችሁ የሚመጣውን ማንበብ ነው። የተቀበላችሁት ግን ያጽፋችኋል፣ ያስጠይቃችኋል፣ በየቀኑ የምታልፉበትን መንገድ እንደ አዲስ ያሳያችኋል።

ጥቅሉ የተከፈተ ቀን ልጆቹ ቀድመው ያደረጉት ማሽተት ነው። ተራ በተራ አፍንጫቸውን ጆሮው ላይ ደፍተው «የሌላ ቤት ሳሙና ይሸታል» አሉ። አንገቱ ላይ በክር የታሰረች ካርድ ነበረች፣ ስሙና ክፍሉ የተጻፈባት። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ቋንቋችንን ይሰማል ወይ? ማታ ብቻውን ይተኛል ወይ?

የመጀመሪያውን ማስታወሻ ስንጽፍ አንዷ ተማሪ «ደወል ሲደወል ወጣን» ብላ ጀመረች። አጠገቧ ያለው ልጅ አስቆማት። «እሱ የእኛን ደወል በምን ያውቃል?» ክርክር ተነሳ፣ ግማሹ ክፍል ከእሷ ጋር፣ ግማሹ ከእሱ ጋር። ሲያልቅ የወጣው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ድንገት ኃይለኛ ድምፅ ሰማሁ። ሁሉም ደብተሩን ዘግቶ ሮጠ። እኔ ደነገጥኩ። በኋላ የጨዋታ ሰዓት ነው አሉኝ።» በሌላ ሰው ዓይን ማየትን በድርሰት ክፍለ ጊዜ ላስተምር ብል እንዲህ በአንድ ጊዜ አይገባቸውም ነበር። ደግሞ እውነተኛ አንባቢ አለ። ልጆች የሚጽፉትን ብዙ ጊዜ አስተማሪው ብቻ ነው የሚያየው፣ እሱም ለማረም። እዚህ ግን ማዶ ሆነው የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ ያልገባቸውንም መልሰው ይጠይቃሉ።

አሻንጉሊቱ በየተራ ልጆች ቤት ማደሩ ደስ ይላል፣ በዕጣ ከሆነ ደግሞ ጠብ የለም። በዚህ ላይ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ማስታወሻው የማን ቤት ይበልጣል የሚል ውድድር እንዲሆን አትፍቀዱ። አንዱ ልጅ ሽርሽር ወስጄው ነበር ሲል የሌላው አንገት ሲደፋ ወዲያው ይታያል። እኛ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ መስጠት ጀመርን፦ ማታ ምን ድምፅ ሰማ? ጠዋት ማን ቀድሞ ተነሳ? እንዲህ ሲሆን ሁሉም የሚጽፈው አለው። ቤት መውሰድ የማይመቸው ልጅ ካለ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይዋል፣ እኩል ይቆጠርለት።

አሁን ወደሚያበላሸው ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ፖስታውን ነው፤ የባሰው ግን የትምህርት ዘመን አለመግጠም ነው። ጃፓን ትምህርት የሚጀመረው በኤፕሪል ነው። አውስትራሊያ በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ይጀምሩና በዲሴምበር ይዘጋሉ። አብዛኛው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ደግሞ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ይከፍታል። እንግዲህ አስቡት፣ በኖቬምበር መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ የላካችሁት ድብ ባዶ ክፍል ሊደርስ ይችላል፣ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ሲጠብቁት የነበሩት ልጆች ክፍል አልፈዋል፣ አስተማሪዋም ሌሎች ልጆች ይዛለች። ከአጋራችሁ ጋር ስትጻጻፉ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቁት የሚዘጉበት ቀን ይሁን።

የእኛ አሻንጉሊት መንገድ ላይ ከጠበቅነው በላይ ቆየ። ልጆቹ በየጠዋቱ «ደረሰ?» ይሉኝ ነበር፣ ሆዴን ይበላኝ ነበር። ያዳነን ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እንደሚጽፍ አድርገን ደብዳቤ መጻፋችን ነው። ጨለማው፣ መንገጫገጩ፣ የአውሮፕላን ጓዳው ብርድ። ከጻፏቸው ሁሉ ምርጡ እሱ ሆነ።

ፖስታ ላይ ጥቂት ነገር። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ የጉምሩክ መግለጫ ይፈልጋል፣ ለትንሽ ጥቅል ብዙ ጊዜ ሲኤን 22 የሚባለው ቅጽ ነው። «ስጦታ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ የጨርቅ አሻንጉሊት መሆኑን፣ ለትምህርት ቤት ልውውጥ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ክብደቱ ከ2 ኪሎ በታች ይሁን። የሚያወራ፣ መብራት የሚያበራ አሻንጉሊት አትምረጡ፣ ባትሪ በአየር ፖስታ ላይ ጣጣ አለው። ልጆቹ የደረቀ አበባ ወይም ዘር ልንጨምርለት ቢሏችሁም እምቢ በሉ፤ እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ያሉ አገሮች በዚህ አይደራደሩም። በቀላሉ የሚታጠብ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፣ በጣም ብዙ እጅ ነው የሚነካካው።

ፎቶን በተመለከተ የወላጅ ፈቃድ ከመጀመሪያው ያዙ። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች በተለይ እ.ኤ.አ. በ2018 የግል መረጃ ሕጋቸው ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በዚህ ጥብቅ ናቸው፣ ልክም ናቸው። እኛ አሻንጉሊቱንና የልጆቹን እጅ ብቻ ነበር የምናነሳው፤ ምንም አልጎደለብንም።

ከሰባት እስከ አስራ አንድ ዓመት ላሉ ልጆች ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ከዚያ በላይ ላሉት በቪዲዮ ፊት ለፊት መነጋገሩ ይሻላቸዋል። በየሳምንቱ ለመጻፊያ የሚሆን ቋሚ ክፍለ ጊዜ ከሌላችሁ ግን አትመዝገቡ፣ ማዶ ያሉት ልጆች ዝም ስትሏቸው በጣም ይከፋቸዋል። አሻንጉሊቱ ይመለሳል ወይስ እዚያው ይቀራል የሚለውንም ሳትልኩ በፊት ተስማሙ፣ ይመለሳል ካላችሁ የመመለሻውን የፖስታ ገንዘብ አሁኑኑ ለይታችሁ አስቀምጡ።