ልጅ ቴኳንዶ ለማስገባት ለምታስቡ፦ የመዝገብ ቤታችን ማስተር

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ብርና ብዙ ለቅሶ በተረፈኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፣ ዓይን አፋር ነው። ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃውን እየቀሙት ባዶ ሆዱን ይመጣ ነበር። ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ቴኳንዶ አስገቢው" አለኝ። አስገባሁት።

የመጀመሪያው ቦታ የሦስት ወር በቅድሚያ አስከፈሉኝ። ልብሱ ለብቻ፣ የቀበቶ ፈተናው ለብቻ። የደረጃ ምልክት የሆነው ቀበቶ በየሁለት ወሩ ይቀየራል፤ ልጁ ምን እንደቻለ ግን የሚነግረኝ የለም። አሠልጣኙ ግማሹን ሰዓት ስልኩን ያያል፣ በቀረው ግማሽ ልጆቹን ይቀርጻል። እሺ ይሁን። ሁለተኛው ቦታ ነው አንጀቴን ያቆሰለው። ልጄን እጥፍ ከሚያክለው ልጅ ጋር አጋጠሙት። ስደርስ አፍንጫው ደምቶ ነጩ ልብስ እስከ ደረቱ ቀልቷል። "ወንድ ልጅ አይደል እንዴ፣ ይልመደው" አሉኝ። ብሬን መልሱልኝ ብል "የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም" የሚል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። ስማቸውን አልጠራም። እሱ ፈጣሪ ይየው።

ከዚያ በኋላ ልጄ "ቴኳንዶ" የሚለውን ቃል ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል። ምን ላድርግ እያልኩ አንድ ሌሊት ስገላበጥ ነው የመዝገብ ቤታችን ማስተር ትዝ ያሉኝ።

ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። እኔ ሒሳብ ክፍል፣ እሳቸው መዝገብ ቤት። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ከጥበቃ እስከ ኃላፊ እንደ ቴኳንዶ አሠልጣኝ "ማስተር" ነው የሚላቸው። መዝገብ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆመው ለፋይሎቹ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። የፋይል ማሰሪያ ሲጠፋ የድሮ ነጭ ቀበቷቸውን ከቤት አምጥተው ያስሩበታል። ማኅተም የሚመቱት በኮሪያኛ እየቆጠሩ ነው፤ "ሃና! ዱል! ሴት!" ኮሪያኛው "ሴት" ሦስት ማለት ነው አሉ። ወረፋ የያዙት ባለጉዳዮች በምን ይወቁ? ሦስተኛው ማኅተም በተመታ ቁጥር ሴቶቹ ተራ የደረሳቸው መስሏቸው ብድግ ይሉ ነበር።

ሐምሌ 13 ደግሞ ልዩ ቀን ነው። የኩንግ ፉ ፊልም ተዋናዩ ብሩስ ሊ ያረፈው ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፣ በ32 ዓመቱ። ማስተር በየዓመቱ በዚያ ቀን አንድ ፌስታል ቆሎ ይዘው ይመጡና ሙት ዓመቱን ያስባሉ። ለእያንዳንዳችን በእፍኝ ያድላሉ፤ "ነፍሱን ይማር" ሳንል አንቀምስም። ብሩስ ሊ የሞተው ሆንግ ኮንግ ቢሆንም የተቀበረው ሲያትል ነው። የእህቴ ልጅ ሲያትል መሆኗን የሰሙ ቀን አላስቀምጥ አሉኝ። ልጅቷ በብርዱ ሄዳ፣ መቃብሩን ከጎኑ ካለው ከልጁ ከብራንደን መቃብር ጋር አንስታ ላከች። ፎቶውን አሳጥቤ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ቃል አልወጣቸውም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከማኅተሙ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሰለሞን ደምሴ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በቴኳንዶ የተወዳደረ ሰሞን ደግሞ አበዱ። ሻይ ሰዓት ላይ ወንበር ገፍተው እያንዳንዷን ምት በእግራቸው አሳዩን። የሻይ ብርጭቆ ተሰብሯል፣ ከፍለዋል።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ምሳ ሰዓት ላይ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፈው "ኑ መውደቅ ላስተምራችሁ" ይሉን ነበር። መምታት አይደለም፣ መውደቅ። "መማታት ላያጋጥማችሁ ይችላል፣ መውደቅ ግን የማይቀር ነው" ይላሉ። እኛ እንስቃለን። ሰውዬው ብቻቸውን ይወድቃሉ፣ ድብ! ይላሉ፣ ይነሳሉ። ከታች ያለው ክፍል በድምፁ ተማርሮ ማመልከቻ ሲጽፍ እኔም ፈርሜያለሁ። ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ። ከፈረሙት አንዷ እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። መዝገብ ቤት አይደሉ፣ ማመልከቻው ማኅደራቸው ውስጥ የገባው በራሳቸው እጅ ነው።

በዚህ ሁሉ ደፍሬ ደወልኩላቸው። "ማስተር፣ ይቅርታ፣ ከጠፋሁ ቆየሁ" ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም። "ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ነይ" አሉኝ።

አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ጠባብ አዳራሽ ናት። ልጄ በሩ ላይ ሲደርስ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘ፣ አልገባም አለ። እኔ መጎተት ጀመርኩ። ማስተር ወጡ። ጥቁር ቀበቷቸው ከማርጀቱ የተነሳ ጥቁሩ ተልጦ ውስጡ ያለው ነጭ ጥጥ ወጥቷል። "ልቀቂው" አሉኝ። ደረጃው ላይ ከልጁ ጎን ቁጭ አሉ። ስለ ቴኳንዶ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ ምሳ ዕቃው ጠየቁት፣ ምን ምን እንደሚቋጠርለት። ሽሮ ፍርፍር እንደሚወድ ሲነግራቸው "እኔም" አሉት።

ከዚያ ተነሥተው እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ፣ በጀርባቸው ወደቁ። የ63 ዓመት ሰው! እኔ ጮህኩ። እሳቸው ተጋድመው ልጁን ቀና ብለው አዩትና፣ "ጀግናው፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? እስቲ አንተ አሳየኝ" አሉት። ልጄ አየኝ። አያቸው። ቀሚሴን ለቀቀ። ሄዶ አጠገባቸው ወደቀ። "ደግሞ!" አሉ፤ ደግሞ ወደቀ። ያን ቀን ሙሉውን ሰዓት ሲወድቁ ዋሉ። ሣር በሣር ሆኖ ነው ቤት የገባው፣ እየሳቀ።

አራት ወር ሆነው። የሚማሩትን ነገር ስም እኔ አላውቅም፤ አንዱ ኮሪያኛ ነው፣ አንዱ ጃፓንኛ፣ ሲያስረዱኝ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። የማውቀው ይህን ነው፦ ልጄ እስካሁን የጀማሪ ነጭ ቀበቶ ነው፣ ማንም የፈተና ክፈይ አላለኝም። ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ነው የሚጋጠመው። ሲነኩት "ተው!" ብሎ ሳያለቅስ መናገር ለምዷል። ምሳውን በልቶ ይመጣል። አንድም ልጅ መትቶ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ወር ክፍያ እንቢ አሉኝ። "የፎቶው ነው" አሉኝ። የማመልከቻውን ነገር አንስቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስሞክር፣ "ድምፁ እውነትም ይረብሽ ነበር" ብለው ሳቁ።

እባካችሁ ልጅ ያላችሁ ውሰዱ። ስለ ሰውዬው ጠባይ እኔ ዋስ ነኝ። እናት አባቶቻችሁንም ውሰዱ፤ እሑድ ጠዋት ለአረጋውያን መውደቅና መነሣት ብቻ ያስተምራሉ፣ የሚያስከፍሉት የምንጣፍ ማጠቢያ ነው። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ትሄዳለች፣ አትቀርም። ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ። አዳራሿ ጠባብ ስለሆነች ሃያ ልጅ ከሞላ አይቀበሉም፤ ቶሎ በሉ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ካልሲው የተቀደደ አይሁን።

የምትሄዱት ሐምሌ 13 ከሆነ ደግሞ ቆሎ እንዳትረሱ።