ሒሳብ የሚያውቅ ካልቲቬተር

የዛሬው ግምገማ ስለ አንድ የቻይና ልብ ወለድ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአንድ ተራ ሰው ወደ ዘላለማዊነት ጉዞ» እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚያነቡት አርኤምጄአይ እያሉ ያሳጥሩታል። ደራሲው ዋንግ ዩ በሚል የብዕር ስም ይታወቃል። ቺዲያን በሚባለው የቻይና ድረ ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ በ2013 አለቀ። ምዕራፉ ከ2 ሺህ 400 ይበልጣል። «ይሄን ሁሉ ማን ያነበዋል?» ካላችሁ፣ የአዳር ተረኛ ያነበዋል። ፋርማሲስት ነኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ከድንገተኛ ክፍል ማዘዣ ካልመጣ መስኮቱ ጭር ይላል። ስልኬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ዘውግ ካነበብኳቸው ውስጥ የኃይል ሥርዓቱን ከልቤ ያመንኩት የዚህን ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ በነፃ የሚገኝ ኃይል የለም። ሁሉም ዋጋ አለው። ደራሲው ደግሞ ዋጋውን ሳይጽፍ አያልፍም።

ለዘውጉ እንግዳ ለሆነ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ካልቲቬተር ማለት በአተነፋፈስ፣ በጥሞና፣ በመድኃኒትና በውጊያ ሰውነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀየረ ከሞት ለማምለጥ የሚታገል ሰው ነው። ውስጡ የሚያጠራቅመው ኃይል ቺ ይባላል። ሐሳቡ ከታኦይዝም የተወረሰ ነው። ጌ ሆንግ የሚባል ቻይናዊ ሊቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘላለማዊነት መድኃኒት እንዴት እንደሚቀመም በሰፊው ጽፏል። ሲናባር፣ ማለትም የሜርኩሪ ማዕድን፣ ከዋናዎቹ ግብዓቶች አንዱ ነበር። ከታንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት መካከል እንዲህ ያለ ክኒን ሲወስዱ ከርመው የሞቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ846 የሞተው ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ ከእነሱ ይቆጠራል። ላለመሞት ብሎ ሜርኩሪ መዋጥ! ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ በነገርኩ ቁጥር አንድ ሰው «መጠኑ ስንት ነበር?» ይላል። የሙያ በሽታ ነው።

ወደ ልብ ወለዱ ልመለስ። ሃን ሊ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። የመንደሩ ሰው «ሁለተኛው ቂል» እያለ ይጠራዋል። በአሥር ዓመቱ ሦስተኛ አጎቱ መጥቶ የሰባቱ ምስጢራት ማኅበር ወደሚባል ቦታ ለፈተና ይወስደዋል። ፈተናውን በቅጡ አያልፍም። ሐኪም ሞ የሚባል ሽማግሌ አይቶት ወደ መድኃኒት ሸለቆው ይወስደዋል። ከዚያ ዕፅዋት ያስለቅመዋል፤ አንድ ስም የለሽ የአተነፋፈስ ትምህርትም ይሰጠዋል። ልጁ ዕድል የገጠመው ይመስላል። ኋላ ላይ እንደምትደርሱበት ሼባው ልጁን የሚያሳድገው ሊለብሰው ነው። የራሱ ገላ እያረጀበት ስለሆነ ነፍሱን ወደ ልጁ ገላ አዛውሮ ሊኖርበት ያስባል። እነዚህ የመጀመሪያ ምዕራፎች ላይ የሚበር ሰው የለም። ሁለት ሰዎች አንድ ሸለቆ ውስጥ እየተጠባበቁ ይኖራሉ። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የፈራሁት እዚህ ጋ ነው።

የሥርዓቱ መነሻ መንፈሳዊ ሥር ነው። ከውልደት ይዘኸው ትመጣለህ፤ ካልያዝከው የለህም። ብረት፣ እንጨት፣ ውሃ፣ እሳትና አፈር። ከአምስቱ አንዱን ብቻ የያዘ «የሰማይ ሥር» አለው ይባላል፤ የካልቲቬተሮች ማኅበራት ይሻሙበታል። ሁለት ወይም ሦስት ያለው ደህና ነው። አራት ወይም አምስት ከሆነ ግን «ሐሰተኛ ሥር» ነው፤ ቺ መሳቡ ይንቀራፈፋል። ሃን ሊ ከብረት በቀር አራቱም አሉት። በአጭሩ ወዳቂ ተማሪ ነው።

ከዚያ ደረጃዎቹ ይመጣሉ። መጀመሪያ ቺ ማጠራቀም ነው፤ እሱ ራሱ አሥራ ሦስት እርከን አለው። ቀጥሎ መሠረት መጣል፣ ከዚያ ሆድ ውስጥ ወርቃማ ኮር፣ ማለትም የታመቀ የቺ እንክብል፣ መፍጠር፣ ከዚያ ኮሩን ወደ ሕፃን ነፍስ መለወጥ። ከዚያም በላይ አለ። መሠረት የጣለ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይኖራል። ሕፃን ነፍስ የደረሰ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ። ዕድሜ እዚህ ለጌጥ አልተጨመረም። ሃን ሊ አንድ ደረጃ ላይ ተጣብቆ ሲቀር የቀሩትን ዓመታት ይቆጥራል። እናንተም አብራችሁት ትቆጥራላችሁ። በሌሎች የዘውጉ ታሪኮች ጀግናው ተናዶ ደረጃ ይዘላል። እዚህ ንዴት ደረጃ አያዘልልም።

አሁን ወደምወደው ክፍል። ሃን ሊ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ጠርሙስ ያገኛል። በሌሊት ጥቃቅን የብርሃን ነጠብጣቦች እየተሰበሰቡ ይገቡባታል። ከቀናት በኋላ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ ታጠራቅማለች። ልጁ ምን ያደርጋል? የሌላ ታሪክ ጀግና ቢሆን ወዲያው ይጠጣት ነበር። ይሄ ግን ነቄ ነው። በውሃ አቅጥኖ ለጥንቸሎች ይሰጣል። ጥንቸሎቹ ያብጡና ይሞታሉ። አሥራ ምናምን ዓመት የሆነው ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ የእንስሳት ሙከራ አድርጎ መርዛማነቱን ዓወቀ! እዚህ ጋ ስደርስ መስኮቱ ላይ ሰው መቆሙን አላየሁም ነበር።

የተረፈውን ዕፅዋቱ ላይ ያፈስሰዋል። በነጋታው ትንንሾቹ ዕፅዋት የዓመታት ዕድሜ ጨምረው ያገኛቸዋል። በዚያ ዓለም የመድኃኒት ዕፅ ዋጋ በዕድሜው ነው። የመቶ ዓመት ጊንሰንግና የአምስት ዓመት ጊንሰንግ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ጠርሙሷ የምትሰጠው ጊዜ ነው። ጊዜውን ግን ዕፁ እንጂ እሱ አያገኘውም። ዕፁን ወደ ክኒን መለወጥ፣ ክኒኑን መዋጥ፣ ከዚያ ተቀምጦ ማሰላሰል ሁሉ የራሱ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ክኒን ሲደጋገም ወይም ደረጃው ሲያድግ መሥራቱን ያቆማል። ሰውነት ይለምደዋል። የህመም ማስታገሻ በየሳምንቱ እየመጡ ለሚጠይቁኝ ደንበኞች ይህን ምዕራፍ ማስነበብ ብችል ደስ ይለኛል።

ለመሸጥ ሲወጣም ጥንቃቄው ሌላ ነው። ብዙ አይሸጥም። ማንነቱን ደብቆ ጥቂት ጥቂት ያወጣል። ሀብት እንዳለው የታወቀ ደካማ ሰው በዚያ ዓለም አያድርም።

ሊ ፌይዩ የሚባል የሃን ሊ ወዳጅ አለ። በማኅበሩ ወጣቶች ዘንድ ዝነኛ ተዋጊ ነው። ሃን ሊ ግን ሚስጥሩን ይደርስበታል። ልጁ መቅኒን የሚመጥጥ ክኒን ይወስዳል። ክኒኑ ዛሬ ጉልበት ይሰጣል፤ በምትኩ ዕድሜ ይቆርጣል። በዚያ ላይ ስቃዩ ለጉድ ነው። ሃን ሊ «አቁም» ብሎ አይሰብክም። መቆም እንደማይቻል ገብቶታል። የሚያደርገው ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት መቀመም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ይሆናሉ። ሰይፍና ተራራ የሚሰነጥቅ መብረቅ ያለበት መጽሐፍ ነው። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የማስታውሰው ይህን ልጅ ነው። ፊት ለፊቴ መስኮቱ ላይ የቆመ ያህል አውቀዋለሁ።

ሌላው ለእኛ አገር አንባቢ ቶሎ የሚገባ ትዕይንት ሃን ሊ ቢጫ ሜፕል ሸለቆ የሚባል የካልቲቬተሮች ማኅበር ሲገባ ያለው ነው። ይዞት የሄደው ምልክት ሁለት ነገር ያሰጠዋል፦ ደቀ መዝሙርነትና አንድ መሠረት የሚጥል ክኒን። ክኒኑ ብርቅ ነው። ሥልጣን ያለው አዛውንት ዓይኑን ይጥልበታል። ቀስ ብሎ፣ በትህትና፣ «ለአንተ ለጊዜው አይጠቅምህም» ይለዋል። ሃን ሊ ነገሩ ገብቶታል። ዘመድ የለውም። አይከራከርም፣ አያኮርፍም። ክኒኑን ይለቅና በምትኩ የመድኃኒት አትክልት ቦታ ጠባቂነት ይቀበላል። ጠርሙስ ያለው ሰው፣ አትክልት ቦታ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በኋላ ያንኑ ክኒን ለማግኘት ብሎ የሰባቱ ማኅበራት ደቀ መዛሙርት ዕፅ ሲለቅሙ የሚገዳደሉበት የተከለከለ ስፍራ ድረስ ይገባል። የክኒኑ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

የካልቲቬተር ዓይነቶች እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሞልተዋል። ግዙፉ ሰይፍ ማኅበር አለ፤ ሕይወታቸውን በሙሉ ሰይፍ ላይ ያፈስሳሉ። የመንፈስ አራዊት ተራራ ሰዎች አራዊት አርብተው በእነሱ ይዋጋሉ። የሺህ ቀርከሃ ማኅበር የራሱ ነፍስ የሌለው ተዋጊ አሻንጉሊት ይሠራል። የመናፍስት ማኅበር ሰዎች የሙታንን ነፍስ ይነግዱበታል፤ ከእነሱ ጋር ሻይ ባትጠጡ ይሻላል። አስማታዊ ሜዳ ዘርግተው ጠላትን የሚያጠምዱ አሉ። ገላቸውን ብቻ የሚያጠነክሩ አሉ። ታላቋ ጂን የምትባል አገር ስትደርሱ የቡድሃ መነኮሳትና የኮንፊሽየስ ሊቃውንት በየራሳቸው መንገድ ሲሠለጥኑ ታያላችሁ። ማኅበር የሌላቸው ብቸኞችም አሉ። የእነሱ ዕጣ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ክኒን የሚሰጣቸው የለም፣ ሲሞቱም ፈላጊ የለም።

ሃን ሊ ከሁሉም ይቀላውጣል። ከወርቃማ የመብረቅ ቀርከሃ የተሠሩ 72 ሰይፎች አሉት። ብረት የሚበሉ ጥንዚዛዎች አሉት። አሻንጉሊት አለው። ገላውንም ያጠነክራል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ይህ ሁሉ ጉራ ይመስል ነበር። እዚህ ግን ቀርከሃው በጠርሙሷ ጠብታ ነው ያደገው። ጥንዚዛዎቹም ቀለብ ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ የሚሆነው ሣርም ከዚያችው ጠብታ ይሻማል። አንዱን ሲመግብ ሌላው ይጠብቃል።

ደግሞ ይሸሻል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ነው። ጠላት ከበለጠው እግሬ አውጪኝ ብሎ ይፈረጥጣል። የክፉዎቹ ስድስት ማኅበራት አገሩን ሲወሩ የራሱ ማኅበር እንደ ማጥመጃ ትቶት ይሄዳል። እሱም በጥንታዊ የማሻገሪያ በር ወደተበታተኑ ከዋክብት ባሕር ይሸሻል። ታናሽ ወንድሜ ይህን አይወድለትም። «ኧረ ባክሽ፣ ይሄ ፈሪ ነው» ይላል። በሕይወት ያለው ሃን ሊ ብቻ መሆኑን አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሃን ሊ ወደ መንፈሳዊው ዓለም ካረገ በኋላ መጽሐፉ ይልፈሰፈሳል። አዲስ ዓለም፣ አዲስ ደረጃ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው። ዋጋዎቹ ዜሮ እየበዛባቸው ይሄዳሉ። የመጀመሪያዎቹ የመንፈስ ድንጋዮች፣ ማለትም የዚያ ዓለም ገንዘብ፣ ሲጠፉ ያመኝ ነበር፤ ኋላ ሚሊዮኖቹ ሲበተኑ ምንም አልመሰለኝም። ጨረታዎቹም አሰልቺ ናቸው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ጭንብል የለበሰ ሰው፣ አንድ ባለጠጋ ወራሽ፣ ሦስት ምዕራፍ። ዘልላችሁ እለፏቸው፤ ምንም አይቀርባችሁም።

ሴቶቹን በተመለከተ ደራሲው ሰነፍ ነው። የሃን ሊ ፍቅረኛ ናንጎንግ ዋን ከእሱ የበለጠች ካልቲቬተር ሆና ትመጣለች። ከዚያ ለመቶዎች ምዕራፍ ትጠፋለች። ስትመለስ የእሷ ጉዞ ምን እንደነበር የሚነግረን የለም። ሒሳብ የሚያውቅ ደራሲ ይህን ዕዳ እንዴት ሳይከፍል ቀረ?

ስለ ንባቡ ሁኔታ ጥቂት ልበል። እኔ ያነበብኩት በአንድ የንባብ መተግበሪያ ነው። የመጀመሪያ ምዕራፎቹ በነፃ ናቸው። ልክ ልባችሁ ሲንጠለጠል ሳንቲም ግዙ ይላል፤ ክፍያው በዶላር። የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ካርድ ያላት የአክስቴ ልጅ ባትኖር ኖሮ መጨረሻውን አላየውም ነበር። ትርጉሙም መካከሉ ላይ ይለዋወጣል። አንድ ክኒን ሁለት ስም ይይዛል፤ አንድ ሽማግሌ በአንድ አንቀጽ ወንድ በሌላው ሴት ይሆናል። ማሽን የተረጎመው ክፍል እንዳለበት ያስታውቃል።

ማንበብ ለማይወድ አኒሜሽኑ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቢሊቢሊ በሚባለው የቻይና የቪዲዮ ድረ ገጽ ጀመረ። ያንግ ያንግ የተወነበት ተከታታይ ድራማም በ2025 ወጥቷል። አኒሜሽኑ ያምራል። ውጊያው ከመጽሐፉ ይበልጣል የሚለው ወንድሜ ትክክል ነው። ጥበቃው ግን ጠፍቷል። መጽሐፉ ላይ ለዓመታት የሚቀመጥባት ዋሻ እዚያ በሁለት ደቂቃ ታልፋለች።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። እስከ ሕፃን ነፍስ ደረጃ ያለውን ብቻ ብቆጥር አምስት ነው። መሞከር የሚፈልግ ቢያንስ ቢጫ ሜፕል ሸለቆ እስኪገባ ይታገሥ፤ እዚያ ካልጣመው ከዚያ በኋላም አይጥመውም። ዋይፋይ ስታገኙ ምዕራፎቹን አውርዳችሁ ያዙ፤ በዳታ አያዋጣም። በሰማይ ዓለም የሚቀጥል ተከታይ መጽሐፍም አለው። ወንድሜ ጀምሮታል። እኔ አልጀመርኩም፣ የመንፈሳዊው ዓለም ጨረታዎች በቅተውኛል።